ሁለት ካሜራ በአንድ ቤት

አወቀ ሚስቱን ካሜራ ያስያዛት ራሱ ነው። በኋላ ነገሩ ሲያንገበግበው ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው ይኸው ነበር፤ የሚወቅሰው ሰው የለውም።

ጎንደር ውስጥ ሠርግ ያለበት ሰው ፎቶ አንሺ ሲያጠያይቅ የአወቀ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያልገባበት ዳስ የለም ማለት ይቻላል። ያነሳው ሁሉ ማራኪ ሠፈር ባለው ቤታቸው፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቷል። አንዱ ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ሌላ ይጨምራል እንጂ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አስተካክሎት አያውቅም። ፎልደሮቹን «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «ዋናው»፣ «ትክክለኛው ዋናው»፣ «እንዳይነካ» እያለ ይሰይማቸዋል። አንዱ ሠርግ ሦስት ቦታ ተገልብጦ ይገኛል፤ ሌላው ጭራሽ አይገኝም። የልጁን የክርስትና ፎቶ ሊወስድ የመጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ወሬ አውርቶ፣ ሲሰለቸው «ነገ ተመለስ» ይባላል።

ይህን ጣጣ ያቃለለችው ሚስቱ ምስጢር ናት። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ዘንድ ይማሩ የነበሩትን ተማሪዎች ከነአገራቸው የምታስታውስ፣ አንዴ ያየችውን ፊት የማትረሳ። ትሠራበት የነበረው ቢሮ ሲዘጋ ቤት ዋለች፤ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትምና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ድጋሚዎቹን ለቅማ አወጣች። ከዚያ ሁሉንም በዓመት፣ በዓመቱ ውስጥ በቦታ፣ በቦታው ውስጥ በሙሽሮቹ ስም ደረደረችው። ፊት የሚለይ ፕሮግራምም ጫነችበት። ፕሮግራሙ አንድ ፊት ያሳይና «ይህ ማን ነው?» ይላል፤ ስሙን ከነገሩት ያንን ሰው ካለበት ሁሉ ለቅሞ ያመጣዋል። አንዳንዴ ወንድማማቾችን አንድ ሰው ያደርጋል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለ መልአክ አግኝቶ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ እየሳቀች አወቀን ጠራችው።

«ምን ልበለው?»

«ሚዜ በይው።»

ያን ጊዜ ደስ ይላቸው ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ምስጢር ስሙን ጠይቃ፣ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጋ ሠርጉን ታወጣለታለች። አወቀም «ቤቴን ቤት አደረገችው» እያለ ለጓደኞቹ ያወራ ነበር።

ካሜራ የያዘችው አምባ ጊዮርጊስ በነበረ አንድ ሠርግ ላይ ነው። የሙሽራዋ አባት አያ አለነ ይባላሉ፤ ባላገር ናቸው፣ ዘመደ ብዙ። ሴቶቹ ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ወንድ አይገባም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አወቀ ለመናቸው፤ አልሆነም። ምስጢር ያን ቀን አብራው የሄደችው የዘመዶቹን ስምና መልክ ለማወቅ ነበር። ቢቸግረው አሮጌውን ካሜራ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት።

«ይህን ስትጫኝው ያነሳል። ብርሃኑን ከኋላሽ አድርጊ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ። በቃ።»

ቤት ገብተው ሲያዩት ግማሹ ደብዝዟል። አወቀ አጠገቧ ተቀምጦ እየሳቀ ስህተቷን አሳያት፤ ማስተማር ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ሠርግ በሄደ ቁጥር የሴቶቹ ወገን የእሷ ሆነ።

አያ አለነ ከልጃቸው ጋር ለአልበም የሚሆነውን ሊመርጡ ሲመጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አወቀ እያሳለፈ ያሳያቸው ጀመር። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ። ሽማግሌዎች ሲመርቁ። ዘመድ ሁሉ ተሰልፎ። ሽማግሌው «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» እያሉ ያሳልፋሉ። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«ይችን አቁማት!»

ሙሽራዋ ቀሚሷን በግማሽ ለብሳ እህል የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አክስቷ ልብሱ እንዳይነካ ከአገጯ ሥር ነጠላ ዘርግታ ታጎርሳታለች። የሙሽራዋ ጉንጭ ተወጥሯል፤ ዐይኗ ሁለተኛውን ጉርሻ እያየ ነው። አያ አለነ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ይኸ ነው! የኔ ልጅ ይቻት! ሌላውማ የሰው ልጅ ነው የሚመስል።» ወደ አወቀ ዘወር አሉ። «ይህን ያነሳ እጅ ይባረክ ልጄ።»

«አሜን» አለ አወቀ።

ምስጢር ሻይ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችና ሻዩን አደለች። እንግዶቹ ሲወጡ ግን፣ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣

«አሜን ያልኸው ለኔ ነው ወይስ ለራስህ?» አለችው እየሳቀች።

«ያው አንድ አይደለን?»

«ነን እንጂ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ለእሷ ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። አወቀ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሽማግሌው «አቁማት» ያሉት ሁሉ በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ ለማየት ተመልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነበት። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ፎቶ በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ ያሳያል፤ አዲሱ የእሱ ነው፣ አሮጌው የእሷ። ደንበኛ መርጦ በሄደ ቁጥር አወቀ የተመረጡትን በካሜራ ለይቶ ያያል። የእሷ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ ግን የሚመረጠው ይበዛል። የእሱ ብዙ ነው፤ ሰዎቹ «ሸጋ ነው» ብለው ያልፉታል። መጀመሪያ ዕድል ነው አለ። ቀጥሎ፣ ሴቶቹ ጓዳ ስለምትገባ ነው፣ እኔም ብገባ አነሳው ነበር አለ። ከዚያም ሥራውን እየቀየረ ይሰጣት ጀመር፤ ጠዳ በነበረ ሠርግ ላይ «አንቺ የተደረደሩትን ማኪኖችና ምግቡን አንሺ» ብሎ ወደ ውጭ ላካት። ባትሪም ቶሎ የሚያልቀውን ሰጣት።

እሱ ዳሱ ውስጥ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲሠራ ዋለ። ቤት ገብተው ሲከፍቱት ከማኪኖቹ ፎቶ መሐል አንድ ነበረ። የሙሽሮቹ ሾፌር የማኪናውን አበባ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ በመስታወቱ ላይ ዳሱና ጨፋሪዎቹ ይታያሉ። ሙሽራው ያን ፎቶ አስፍቶ ሳሎኑ ላይ ሰቀለው።

አወቀ አዲስ ሌንስ ገዛ። ምስጢር «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ በሁለት እጇ ተቀብላ አየችለት። ደስታዋ የእውነት መሆኑን ሲያይ ይበልጥ ከፋው።

አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። ምስጢር ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ፎቶዎቹን ኮከብ ትሰጣቸዋለች፤ አምስት ኮከብ ያለው ቀድሞ ይታያል። «ለካ የራሷን እያስቀደመች ነው!» አለ በሆዱ። ገበያ በሄደችበት ሰዓት ተቀምጦ መረመረ። ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። አምስት ኮከብ የተሰጣቸው አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። የራሷን በሁለትና በሦስት ኮከብ ወደ ኋላ ገፍታቸዋለች። ሰዎቹ ከኋላ እየፈለፈሉ ነው የሚያወጧቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ያፍር ነበር። አወቀ ግን ሆዱ ሻከረ። «አዘነችልኝ» አለ። «ደርሳብኛለች፣ አልፋኛለች፣ አሁን ደግሞ ታዝንልኛለች።»

ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወደተባለው ከተማ የሄዱት በዚህ ስሜት ላይ ሳለ ነው። የሙሽራዋ ስም ፀደይ ነው፤ ጎንደር የተማረች ልጅ ናት። እናቷ አበቡ ግን ከጃናሞራ ወጥታ አታውቅም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፀ ጎላ ሴት ናት። አወቀን ደጅ ላይ እንዳየችው «አንተ ወዲያ ከወንዶቹ ጋር! እሷ ትግባ» አለችና ምስጢርን ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት።

አወቀ ቀኑን ሙሉ ብርድ እያንቀጠቀጠው ዳሱ ውስጥ ሠራ። ከክፍሉ ግን በየጊዜው ሳቅ ይሰማል። ሳቁ ከእሱ ጋር ምን እንዳገናኘው ለራሱም አልገባውም፤ በተሰማ ቁጥር ግን ወደዚያ ይዞራል። ሲመለሱ የሠርጉ ቤት ሰዎች ምስጢርን አንገቷን እያቀፉ ሸኟት። አንዲት ልጃገረድ አወቀን አይታ አጠገቧ ያለችውን «ይህ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«የምስጢር ባል ነዋ» አለቻት ጓደኛዋ።

እስከ ጎንደር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምስጢር ብርዱ የያዘው መስሏት ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ቤት ገብተው ካርዶቹን ሲገለብጡ አንዲት ፎቶ አየ። እናትና ልጅ መስኮት ሥር ቆመዋል። የሙሽራዋ ድሪ ክሩ ተቋጥሮ አልፈታ ብሏል መሰል፣ አበቡ ልጇ አንገት ላይ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ነክሳዋለች። ሻሿ ተንሸራቶ ሽበቷ ወጥቷል። ፀደይ ኮርኩሯት አንገቷን ሰብቃ እየሳቀች ነው፤ አንድ እጇ ግን ወደ ኋላ ሄዶ የእናቷን ጭንቅላት ይዟል። ብርሃኑ ከመስኮቱ ገብቶ እጇ ላይ ብቻ ያርፋል።

አወቀ ሥራውን ያውቃል። ይህን እሱ ማንሳት እንደማይችል ዐወቀ። ክፍሉ ውስጥ ቢገባም አይችልም ነበር፤ እሱ ቢሆን «ቀና በሉ፣ ወደዚህ እዩ» ይላቸው ነበር።

«እንዴት ነች?» አለች ምስጢር፣ ዐይን ዐይኑን እያየች።

«ትንሽ ጨልማለች» አለ።

ከሠርጉ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ከጃናሞራ ወደ ጎንደር ማኪና አይመጣም፣ ስልክም አልፎ አልፎ ነው የሚሠራ። የፀደይ ቤተሰቦች ፎቷቸውን መጥተው ሳያዩት ወራት አለፉ። አወቀ ግን ያችን የእናትና የልጅ ፎቶ ያያት ነበር። ምስጢር ከቤት በወጣች ቁጥር ከፍቶ ያያታል፤ እንከን ይፈልግላታል፤ ያጣና ይዘጋዋል።

በዚህ መሐል ጠዳ የምትኖረው የምስጢር እህት ወለደች። ምስጢር አራስ ልታርስ ሄደች። በማግስቱ ከሰዓት አወቀ አዲስ ሥራ ሊገለብጥ ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ ዲስኩ ስለሞላ ቦታ እንዲያስለቅቅ የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣበት። ይህ ጽሑፍ አዲስ አልነበረም፤ በመጣ ቁጥር ምስጢር የማይረባውን እያየች ታጠፋለች። ያን ቀን አወቀ ራሱ ተቀመጠ። «የደበዘዙትን ላውጣ» ብሎ ነው የጀመረው። የመካነ ብርሃንን ፎልደር ከፈተ። በአሮጌው ካሜራ የተነሱትን ለየ። ሁሉንም መረጠ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለው ጣቱ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ተጫነችው።

እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ግን የሆነ ነገር ቀለለው፤ የታመቀ ሳል እንደወጣለት ሰው። አምባ ጊዮርጊስን ከፈተ። ጠዳን ከፈተ። ሠርግ በሠርግ እየሄደ የአሮጌውን ካሜራ ሥራ ጠራረገው። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረገ። ከዚያ ምስጢር ለመጠባበቂያ የምታስቀምጠውን የውጭ ዲስክ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰካው። ዲስኩ ሲሰካ ራሱን ከኮምፒውተሩ ጋር ያስተካክላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለውን እሱም ያጠፋል። አወቀ ይህን ያውቃል። ሥራውን እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለበት። አሁን ቅናቱ የሚያርፍበት ነገር ስላልነበረ ፍርሃት ተተካ። ምስጢር በስልክ «ምን በላህ? ብቻህን ምን እየሠራህ ነው?» ስትለው፣

«ዲስኩ ሞልቶ ሳጸዳ ነበር» አላት።

«ቆይ፣ እኔ ስመጣ አጸዳዋለሁ፤ የማይነካ እንዳትነካ!» ብላ ሳቀች።

ምስጢር ከጠዳ በተመለሰች በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አበቡና ፀደይ ናቸው። መንገዱ ተከፍቶ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረው መጥተዋል። ፀደይ ሆዷ ገፍቷል። አበቡ ነጠላዋን አጣፍታ ገብታ፣ ምስጢርን ደጋግማ ሳመች፤ አወቀንም ጨበጠችው። ውኃ ሳትጠጣ ኮምፒውተሩን በጣቷ አሳየች።

«ያ ነው የምንኖርበት? በሉ አውጡን።»

ምስጢር እየሳቀች ወንበር ሳበችላት። አወቀ ግን ቀድሞ ማውሱን ያዘና የራሱን ፎቶዎች ያሳልፍ ጀመር። ዳሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ፈረሶቹ። አበቡ ጥቂት ታገሠችና፣

«ልጄ፣ ይኸስ ሸጋ ነው። እኔ ግን ለዚህ አልመጣሁም። የድሪዋን ክር በጥርሴ ስነክስ ባለቤትህ ያነሳችኝን አሳየኝ። ያን ቀን በካሜራው ላይ አሳይታኛለች፤ እስካሁን ዐይኔ ላይ አለች። እኔ እኮ ከመታወቂያ ሌላ ፎቶ ኑሮኝ አያውቅም።»

አወቀ ከስክሪኑ ላይ ዐይኑን ሳያነሳ መለሰ። «እሷ እንኳ አልወጣችም እማማ። ምስጢር ያኔ ገና ለማጅ ነበረች፤ እጇ ተንቀጥቅጦ ተበላሽታለች።»

ምስጢር ባሏን አየችው። በዕድሜዋ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነበር የመሰላት።

«አልተበላሸችም» አለች ቀስ ብላ። «ተነሥ እስቲ።»

«ምን ታደርጊበታለሽ? እኔ አይቼዋለሁ፣ የለ...»

«ተነሥልኝ አወቀ።»

ተነሣ። ምስጢር ተቀምጣ የመካነ ብርሃንን ፎልደር አየች፤ የእሱ ብቻ ነው ያለው። ፊት የሚለየውን ፕሮግራም ከፍታ «አበቡ» ብላ ጻፈች። አወቀ ያላሰበው ነገር እዚህ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን ለማውጣት እንዲፈጥንለት የእያንዳንዳቸውን ትንሽ ቅጂ ለራሱ ያስቀምጣል፤ ፎቶው ከፎልደሩ ቢጠፋም ትንሿ ቅጂ ትቀራለች። የአበቡ ፊት በየዓይነቱ ስክሪኑን ሞላው፤ ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ስታለቅስ። በእያንዳንዱ ሥር «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ምስጢር የአምባ ጊዮርጊሷን ሙሽራ ስም ጻፈች። እዚያም «አልተገኘም»። የጠዳውን ሾፌር ፈለገች። «አልተገኘም»። እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ዲስኩ ሞልቶ...»

«ዲስኩን የሞላሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

አበቡ አንዴ እሱን፣ አንዴ ስክሪኑን እያየች ነገሩ ቀስ እያለ ገባት።

«ምነው ልጄ?» አለችው። «ምን አረግሁህ? ምነው አጠፋኸኝ?»

ጥያቄው እንዲያ ባይሆን ምናልባት ሌላ ውሸት ይፈልግ ነበር። «እርስዎን አይደለም» አለ። «ቀናሁ።»

«በማን?»

«በሚስቴ።»

ፀደይ አንገቷን ደፋች። አበቡ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የኔም ባል ቀናተኛ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። በእጄ ያረምሁት ገብስ ሲያምር እንዳያይ መንገድ ዞሮ ነበር የሚያልፍ።» አወቀን ቀና ብላ አየችው፤ «እሸቱን ግን አላጨደብኝም።»

ከዚያ በኋላ ለአወቀ የተናገረችው ነገር የለም። ወደ ምስጢር ዞራ ትንሿን ቅጂ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻት። ምስጢር አተመችላት። ከመዳፍ አትበልጥም፤ ስትሰፋ ትፈራርሳለችና እንዲያው ተወቻት። አበቡ ወደ መስኮቱ ሄዳ እጇን ዘርግታ አርቃ አየቻት፤ ቅርቡ አይታያትም። ፀደይ ከኋላዋ መጥታ አገጯን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ምስጢር ከወንበሯ ተነሣች። የአወቀን ቦርሳ ከፍታ አዲሱን ካሜራ ከነአዲሱ ሌንሱ አወጣች። አልጠየቀችውም።

«መጋረጃውን ክፈተው» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

አወቀ ሄዶ መጋረጃውን ያዘ። ከቆመበት ሆኖ ሚስቱ ስታነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ አያት። አትናገርም፣ አታዝዝም። ትጠብቃለች። እሱ ቢሆን አንሥቶ የሚጨርስበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ገና ትጠብቃለች። አበቡ ትንሿን ፎቶ እያየች ብቻዋን ፈገግ ስትል ካሜራው ጠቅ አለ። አወቀ ያን ድምፅ ሲሰማ፣ ከዚያ ሁሉ ኀፍረት መሐል፣ ያው የቀድሞው ነገር ደረቱን ቆነጠጠው።

እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲሄዱ ምስጢር ልብሷን በሻንጣ ማስገባት ጀመረች። አወቀ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅር በይኝ።»

«መቅናትህ አልገረመኝም» አለች። «አውቅ ነበር። ኮከብ የምሰጥህ ለምን መሰለህ? ቅናትህ ያልፋል ብዬ ነው። ማጥፋትህም ይቅር፤ ሰው ሲናደድ ዕቃ ይሰብራል። ግን እጇ ተንቀጠቀጠ አልህ። እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ እያወቅህ፣ እኔው ፊት፣ እሷ ፊት።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ እንጃ» ብላ ሻንጣውን ዘጋች። ወደ ጠዳ፣ ወደ እህቷ ሄደች።

አወቀ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ከጓደኛ ተውሶ ሞከረ። ጥቂት ተመለሰለት፤ ስም የለውም፣ ግማሹ ግራጫ ሆኖ የተቆረጠ ነው። የመካነ ብርሃኗ አልተመለሰችም። ከዚያ ሌላ መላ መጣለት። ሠርጋቸውን ቀደም ብለው የወሰዱ ቤተሰቦች ቅጂው በፍላሽ ወይም በስልካቸው ይኖራቸዋል። የአሮጌው ካሜራ ሥራ የት የት እንደነበረ ከፕሮግራሙ እያየ በየሳምንቱ አውቶቡስ ይሳፈር ጀመር። አምባ ጊዮርጊስ ሄደ፤ ደባርቅ ሄደ፤ አዘዞ ቤት ለቤት ዞረ። በየቤቱ «ያነሳችው ሚስቴ ናት፤ እኔ አጥፍቼባት ነው፤ ኮፒ ላድርግ» ይላል። አንዳንዱ ይስቅበታል፤ አንዳንዷ ሚስት ባሏን በክርኗ ጎሸም ታደርጋለች። ገበሬዎቹ ፍላሹን በጨርቅ ከተጠቀለለበት እያወጡ ይሰጡታል። መናገሩ በየቤቱ አዲስ ሆኖ ያመው ነበር እንጂ እየቀለለው አልሄደም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምስጢር ተመለሰች። ታረቅን አላለችም፤ ሻንጣዋን አስገብታ ኮምፒውተሩ ጋ ሄደች። አወቀ የሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ፎልደር አድርጎ ጠብቋታል። ምንም እንኳ ሥርዓት ባይኖረው በስሟ ነው የሰየመው። ረዥም ጊዜ ተቀምጣ አየችው። «ይህ የኔ አይደለም፣ የአንተ ነው» እያለች ጥቂት አወጣች፤ በካሜራው ስም ሳይሆን በዐይኗ ለየቻቸው። በማግስቱ ከፒያሳ የራሷን ሃርድ ዲስክ ገዝታ መጣች፤ ሥራዋን ሁሉ ወደዚያ አዛወረችና በይለፍ ቃል ቆለፈችው።

አሁንም አብረው ይሠራሉ። ሥራ ሲይዙ የሁለቱም ስም ይጻፋል፤ ብቻዋን የሚጠሯት ሠርግም አለ። ያን ቀን አወቀ ቤት ይውላል፤ የእሱን ፎቶዎች በዓመትና በቦታ መደርደር እየተማረ ነው። ቅናቱ ጭራሽ ለቀቀው ማለት ውሸት ይሆናል። ባለፈው አዘዞ በነበረ ሠርግ ላይ የሙሽራው እናት አጠገቡ ቆመው «እሷ ታንሳኝ» ሲሉ እሳት ነው የበላው። ከዳሱ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ጥቂት ቆመና ተመልሶ ገባ፤ ሥራውን ቀጠለ።

ማታ ካርዶቹን ሲገለብጡ የእሷን እሷ፣ የእሱን እሱ ይገለብጣል። የዲስኩን የይለፍ ቃል ምስጢር እስካሁን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃት።